ኤርጋሽን ምን ነካው?

የሚስቴ ወንድም ኤርጋሽ ለምን ሰው ሲገድል እንደኖረ በቆቃንድ ከተማ የማያውቅ የለም። የማናውቀው እኛ ቤተሰቦቹ ብቻ ነን።

ፀጉር አስተካካያችን ያውቃል። ጥፋቱ የሕፃንነት አልጋው ነው ባይ ነው። በሚወዛወዘው የእንጨት አልጋ ላይ በጨርቅ ሲታሰር ከልክ በላይ ጠበቀና ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ሳይወጣ ቀረ። ይህን የሚያስረዳን እሱ ራሱ እንደዚያው ተጠፍንጎ ያደገ፣ ማጅራቱ ሳንቃ የመሰለ ሰው ነው። ሰው ገድሎ አያውቅም። ጆሮ ግን ቆርጦ ያውቃል።

ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ አፍጋኒስታን ነው ይላል፤ በወታደርነቱ ዘመን ያየው ነገር። የጋጋሪው ታናሽ ወንድም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ጦር ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ዶሮ የሚያርድለት ጎረቤት ሲለምን ነው የሚኖረው። ይህን ሳነሳበት «እሱማ ሌላ ነው» ይለኛል። ጡረተኛው አስተማሪ በልጅነታችን አውሮፕላን ጥጡ ላይ ሲረጨው በነበረው መድኃኒት ያመካኛል፤ ያንን መድኃኒት እኮ የፈርጋና ሸለቆ ሕዝብ በሙሉ ሲተነፍሰው ነው የኖረው። የአባቱን ቀበቶ የሚያነሱ አሉ። ጥላ ውሎበት ነው፣ ዓይን በልቶት ነው የሚሉም አሉ። ጥላውን ያሳየኝ ግን የለም።

እየቆየሁ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ምክንያት ሲፈልግ የሚያሳርፍበት ቤት እየፈለገ ነው። አልጋው ነው ካሉ አማቴ ሐጀር ላይ ያርፋል። ቀበቶው ነው ካሉ ሟቹ ባሏ ላይ ያርፋል፤ እሱ ደግሞ አይመልስም። አፍጋኒስታን ነው ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያ መንግሥት ላይ ነው የሚያርፈው። ደሙ ነው ካሉ ግን የሚያርፈው ልጁ ዙለይሆ ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም።

ኤርጋሽ ከቆቃንድ ታሽከንት በመኪናው መንገደኛ ያመላልስ ነበር። ተራራውን ሳይሻገሩ የቀሩ መንገደኞች ነበሩ። በመጨረሻ ተያዘ፣ አልካደም፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ዳኛው ለምን ብለው ሲጠይቁት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሚስቱ ሩሲያ ሄዳ ሌላ አገባች። ዙለይሆን አያቷ ሐጀርና አክስቷ ማስቱራ አሳደጓት። ማስቱራ ሚስቴ ናት። እኔ ሚስቴ ወላጆች ቤት የገባሁ ባል ነኝ፤ በቆቃንድ ይህ ከሌባ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ማዕረግ ነው፤ ኤርጋሽ ከታሰረ ወዲህ ግን በግቢው ውስጥ ትንሽ ከፍ ብያለሁ።

ዙለይሆ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የራስ ምታት ክኒን ልትገዛ የመጣች ሴት ሁሉ ክኒኑን ትታ የልጅቱን እጅ ነው የምታየው። ለሽምግልና የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ሻይ ይጠጣሉ፣ ልጅቱን ያደንቃሉ፣ ከዚያ ጎረቤት ገብተው ያጣራሉ፣ ከዚያ አይመለሱም። ዘንድሮ ግን ከሪሽታን ከተማ አንድ ኢክሮም የሚባል የሸክላ ሠሪ ልጅ ተገኘ። ወደ ገበያችን ሳህን ሲያመጣ ጥርሱን አመመውና መድኃኒት ቤቱ ገባ። ያ ጥርስ ሁለት ወር ሙሉ አመመው። ሁሉንም ነገር ዙለይሆ ራሷ ነገረችው፤ እሱም ለእናቱ ነገራት። እናቱ «እሁድ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ» አለች። አንድ ቤት ሙሉ እሁድን መጠበቅ ጀመረ።

በዚህ መሃል ነው ከታሽከንት ስልክ የተደወለው። አንዲት የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ እንደ ኤርጋሽ ያሉ ሰዎች ከየት እንደሚመጡ የምታጠና፣ ሐሙስ ከረዳቷ ጋር ልምጣ አለች። አማቴ «ስለ ልጄ ከማንም ጋር አላወራም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለነገሩ ከችሎቱ ወዲህ ከማንም ጋር አውርታ አታውቅም።

ማስቱራ ግን እሺ አለች። እኔ ገረመኝ።

«ያኔ የመጣውን ጋዜጠኛ በመጥረጊያ አባረሽው አልነበረም?»

«ይቺ የተማረች ናት ቱርጉን አካ» አለችኝ፤ አካ ማለት ጋሼ እንደ ማለት ነው። «የጠየቀችኝን ሁሉ እመልስላታለሁ፤ ከዚያ እኔ አንዲት ነገር ብቻ እጠይቃታለሁ። በደም ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም? አይተላለፍም ካለችኝ እሁድ ለሪሽታኗ ሴትዮ ቀና ብዬ እነግራታለሁ።»

«ይተላለፋል ካለችሽስ?»

«እርስዎ ሁልጊዜ እንዲህ ነዎት!» አለችኝ። መልሱ ይኸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው አልተጠረገም። ለውዙና ዘቢቡ ለእሁድ ተቆልፎበታል፤ ለተመራማሪ ደረቅ ብስኩት ይበቃል ተባለ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የወይኑን ሐረግ አስራለሁ። ሁለት ሴቶች በር አንኳኩተው ገቡ፤ አንዷ ሰፊና ረጋ ያለች፣ ሌላዋ ቀጭንና ዓይኗ የማያርፍ። ሰላምታ ሰጡ። ማስቱራም ተቀብላ ወደ ክፍሉ አስገባቻቸው።

ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ የሚል ጥያቄ አልነበረም። በእኛ ዘንድ በር ላይ የቆመን እንግዳ እንዲህ ብሎ መጠየቅ በጥፊ ከመምታት ይከፋል። እንግዳ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይቀዳለታል፣ የመጣበት ጉዳይ ሲደርስ ራሱ ይወጣል። ማስቱራ ደግሞ ተመራማሪዎቹን እየጠበቀች ነበር፤ ሁለት ሴቶች ይመጣሉ ተብላለች፣ ሁለት ሴቶች መጡ።

መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማኛል።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አለች ማስቱራ።

«አቧራ ነው» አለች ሰፊዋ።

«ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱብኝ፤ ጠይቁኝ፤ አንዲት ነገር አልደብቅም።»

«ካወቅሽማ ሥራችን ቀለለ» አለች ሰፊዋ። «መቼም ስለ ቤቱ፣ ስለ ዘሩ ማወቅ ያለ ነው። ልጅቱ ብቻዋን ከሰማይ አልወረደችም።»

«ልክ ነው። ከዘሩ እንጀምር!» አለች ማስቱራ፤ እጅጌዋን ስትሰበስብ በመስኮቱ አየሁ።

በዚህ ጊዜ ቀጭኗ ሴት የያዘችውን ጥቅል ፈታች። ሁለት ድቡልቡል ዳቦ፣ ሳይቆረስ፣ ፊቱ ወደ ላይ፣ ከጎኑ ስኳር። የገበታው ጨርቅ ላይ በቀስታ አኖረችው።

መሰላሉ ላይ ሆኜ ዳቦውን አየሁት። ተመራማሪ ዳቦ ይዞ አይመጣም። እንዲህ ያለ ዳቦ ይዞ የሚመጣው ለሽምግልና የመጣ ሰው ብቻ ነው፤ የልጅቱ ወገን እሺ ሲል ዳቦው ይቆረሳል፣ ነገሩም ያልቃል። እነዚህ የሪሽታኖቹ ናቸው! ብልህ ሴት ለሽምግልና በቀጠሮዋ ቀን አትመጣም፤ ግቢው ሳይጠረግ ለማየት ነው የምትመጣው።

ወርጄ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። «ማስቱራ፣ አንዴ ብቅ በይማ።»

«እያወራሁ ነው።»

«አንዲት ቃል ብቻ።»

«ቱርጉን አካ፣ እርስዎ ወይንዎን ይሰሩ!» አለችኝና መስኮቱን ጠረቀመችው። መስታወቱ ስንጥቅ ስለሆነ መስማቴ አልቀረም።

«ባልሽ ነው?» አለች ሰፊዋ።

«አዎ። እኛ ቤት ነው የገባው። ይህንንም ያዙልኝ፤ አልደብቅም ብያለሁ።»

ከዚያ ጀመረች። ይህችን ሴት ካገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«አባታችን በቀበቶ ይመታን ነበር። አዎ። ቀበቶው አንድ ነው፤ ለኤርጋሽም ለእኔም። እንዲያውም እኔን አብልጦ ይመታኝ ነበር፣ እኔ እመልስለት ስለነበር። አልጋ ላይ ይሸና ነበር ወይ? ሁላችሁም የምትጠይቁት ይህንን ነው! ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ ሸንቷል። እኔ ሰባት ዓመቴ ድረስ ሸንቻለሁ፤ ማንን ገደልኩ? እንስሳ ያሠቃይ ነበር ወይ? ድርጭት ነበር የሚያረባው! አንዷ ስትሞትበት ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። እናቴ አልጋው ላይ አጥብቃ አሰረችው ይላሉ። በዚያው አልጋ ላይ እኔም ታስሬያለሁ፤ ፀጉር ቆራጩም ታስሯል፤ እርስዎም ታስረዋል መሰለኝ፣ ማጅራትዎ ይናገራል!»

«እንዴ!» አለች ቀጭኗ።

«ተዪያት» አለች ሰፊዋ፣ ማጅራቷን እየዳሰሰች። «ቀጥዪ።»

«ምን እቀጥላለሁ? ሁሉም ሰው ይመጣል፣ አንድ ነገር ይዞ መሄድ ይፈልጋል። 'ያኔ ነው የተበላሸው' እንድላቸው ይፈልጋሉ። የትኛው ቀን? የቱ ጧት? ከእሱ ጋር ካንድ ሳህን ነው የበላሁት። ሸሚዙን እኔ ነኝ ያጠብኩት። አንድ ማታ ከመንገድ ሲመጣ ሐብሐብ አመጣልኝ፤ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ አምሮኝ ነበር፣ ማንም ሳይነግረው አስቦ አመጣልኝ። ኋላ ፍርድ ቤት ቀኑን ሲያነቡ አወቅሁት፤ የዚያን ዕለት አንድ የናማንጋን አስተማሪ በመኪናው ሄዶ ነበር፤ ሁለት ልጆች ነበሩት። ሐብሐቡ ግን ጣፋጭ ነበር። በላሁት። ጥሩ ሐብሐብ ነበር እላችኋለሁ! እኔ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ፤ ተምራችኋል፣ ከታሽከንት ድረስ መጥታችኋል። ይህ ነገር ወደ ዙለይሆ ይተላለፋል ወይ?»

ቀጭኗ ሴት ሰፊዋን አየች።

«የኔ እህት» አለች ሰፊዋ፣ «እኔም እኮ የመጣሁት ይህንኑ ልጠይቅሽ ነው።»

በዚህ ጊዜ የግቢው በር ተከፈተ። ዙለይሆ ከመድኃኒት ቤት ለምሳ መጣች፤ ከኋላዋ መነጽር ያደረገች፣ ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ተከትላታለች። እንድትቆም ብጠቅሳትም አላየችኝም፤ በቀጥታ ገባች።

«አክስቴ፣ ላሪሳ ጾይ ትባላለች፣ ከታሽከንት ነው የመጣችው። ረዳቷ ታማባት ብቻዋን ናት፤ ሹፌሩ መንገድ ስቶ ሰፈሩን ሲዞሩት ነው ያገኘኋት።»

ማስቱራ አዲሷን ሴት አየች። ከዚያ ሁለቱን አየች። ከዚያ ዳቦውን፣ ገና አሁን፣ አየችው።

«ቱርጉን አካ!» ብላ ጮኸች። «ለምን አልነገሩኝም?»

ገብቼ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ዙለይሆ ሰፊዋን ሴት ወዲያው አወቀቻት፤ የኢክሮም እናት ናት። ከኢክሮም ስልክ ላይ ፎቶዋን አይታለች። «ሶራ ኻላ» አለችና፣ አክስቴ ሶራ እንደ ማለት ነው፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። በደንቡ ሽማግሌዎች ባሉበት ክፍል ልጅቱ እንዲህ ዘው ብላ መግባት የለባትም፤ የዚያን ዕለት ግን ደንብ የቀረ አልነበረም። ሶራ ኻላ ተመራማሪዋን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ልጄ፣ ተማሪ ቤት ስንት ዓመት ቆየሽ?»

«አሥራ... ብዙ ዓመት» አለች ላሪሳ ግራ ገብቷት።

«እግዜር ይስጥሽ። እንግዲያው ንገሪን። ሰው እንደዚያ የሚሆነው ለምንድን ነው? ከአባት ለልጅ ይተላለፋል ወይ? አዎ ወይም አይ በይኝ።»

ላሪሳ መነጽሯን አስተካከለች። «በአዎና በአይ የሚመለስ አይደለም። ጠባይ በከፊል ይወረሳል፤ ለምሳሌ ቶሎ አለመፍራት። ገዳይነት ግን አይወረስም፤ የገዳይነት ደም የሚባል አልተገኘም። በልጅነት መደብደብ አለ፣ ጭንቅላት ላይ መመታት አለ፣ ብቸኝነት አለ...»

«እሱን ፀጉር ቆራጩም ነግሮናል» አለች ማስቱራ።

«...ግን አንዱ ለብቻው አይበቃም። ሁሉም የተሰበሰበባቸው ሰዎችም አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም።»

«ታዲያ የነካው ለምን ነካ?» አለች ማስቱራ።

«እሱን ነው የምናጠናው።»

«ኧረ ልጄ!» አለች ቀጭኗ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ!»

«ይህቺን ልጅ ነው የምጠይቅሽ» አለች ሶራ ኻላ፣ ጣቷን ወደ ዙለይሆ እየቀሰረች። «ይቺን። ይቺ ደኅና ናት ወይስ አይደለችም?»

«ስለ አንድ ሰው መናገር አይቻልም። ስለ ብዙ ሰው ነው መናገር የሚቻለው።»

«እኔ የማጋባው ብዙ ሰው አይደለም! አንድ ልጅ ነው ያለኝ!»

ላሪሳ አስረዳለሁ ብላ ዙሪያዋን ቃኘች፤ የሚያሳይላት ነገር ፈለገች። እጇም ዳቦው ላይ አረፈ። «ይኸው እዩ» አለች፤ ዳቦውን አነሳችው፤ «ይህ ሙሉው በልጅነታቸው የተደበደቡ ሰዎች ናቸው እንበል...» ብላ ለሁለት ገመሰችው። «ይኼኛው ወገን ምንም አልሆነም። ይኼኛው ደግሞ...» እንደገና ቆረሰችው፤ እንደገና፤ በመጨረሻ በጣቷ ጫፍ ላይ አንዲት ፍርፋሪ ቀረች። «ገዳይ የሚሆነው ከዚህች ያንሳል።»

ፍርፋሪዋን ያየ አልነበረም። ሁሉም የሚያየው የተገመሰውን ዳቦ ነበር።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ላሪሳ።

«ኦፓ» አለች ዙለይሆ በቀስታ፣ እትዬ እንደ ማለት ነው፤ «ይህ ዳቦ የሚቆረሰው እኔ ተሰጠሁ ሲባል ነው።»

«ውይ! ይቅርታ! ሌላ ልግዛ?»

ጩኸቱ ያኔ ተነሣ። ቀጭኗ «አይቆጠርም! ከየት የመጣች ሰው ናት!» ትላለች። ማስቱራ «እኛ አልቆረስንም፣ ማንንም አላስገደድንም!» ትላለች። እኔ አንድ ጊዜ አፌን ከፍቼ «በማጣበቂያ...» ማለት ስጀምር ሦስት ሴቶች በአንድ ድምፅ ዝም አስባሉኝ። ሶራ ኻላ ብቻ ቁራሾቹን ታያለች።

የውስጡ ክፍል በር ተከፈተና አማቴ ሐጀር ወጣች። ሻሽ አላሰረችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ልጅሽ ምን ዓይነት ነው?» አለች ሶራ ኻላን።

«የኔ ልጅ?» አለች ሶራ ኻላ። «የኔ ልጅ ገር ነው። ዝንብ አይገድልም።»

«እኔም እንደዚያ እል ነበር» አለች አማቴ።

ላሪሳ ፍርፋሪዋን ቀስ ብላ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ ዙለይሆ ተናገረች። ቃሏ ጥርት ያለ ነበር። «ሶራ ኻላ፣ እኔም አላውቅም። ራሴን ስፈልግ ነው የኖርኩት። አንድ ሰው ሲያናድደኝ 'ይኸው ጀመረ' እላለሁ፤ በአባቴ መኪና ስንት ሰው ተሳፍሮ በሰላም እንደወረደ ግን አላስብም። ምንም አላገኘሁም። ማይ ካላችሁኝ በምን እንደምምል አላውቅም። ኢክሮምን እወደዋለሁ። የማውቀው እሱን ነው። መሄድ ከፈለጋችሁ አልቀየማችሁም፤ ግን ነገ እንመጣለን ብላችሁ አትሂዱ። ያ ነው ያደከመኝ።»

ሶራ ኻላ ተነሣች። ቀጭኗም አብራት ተነሣች፤ ጥቅሏን ሰበሰበች። ማስቱራ ዓይኗን ጨፈነች።

ሶራ ኻላ ግን ቆማ ቀረች። ጉልበቷን ያዘች፣ ተነፈሰች፣ ተመልሳ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ለዚህ ልጅ ስንት ቤት ገብቻለሁ መሰላችሁ! በገባሁበት ቤት ሁሉ የታመመ የለም፣ የተፋታ የለም፣ ድምፁን ከፍ ያደረገ የለም። ሁሉም መላእክት ናቸው! አንዱ ቤት አያትየው ሰካራም ነው፣ 'ጉንፋን ይዞት ነው' ብለው ከክፍል አላወጡትም፤ ሲዘፍን ሰማሁት! እዚህ ቤት ደግሞ ገና ሻይ ሳልጠጣ አክስትየዋ እስከ ሰባት ዓመቷ አልጋ ላይ ትሸና እንደነበር ነገሩኝ! ምኑን ልጠይቅ? የሚጠየቅ ምን ቀረልኝ?» እጇን ዘርግታ አንዱን የዳቦ ቁራሽ አነሣች፤ ነከሰችው፤ አፏን ሞልታ «ባሌ ይገድለኛል» አለች።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። መጀመሪያ የሳቀችው አማቴ ናት፤ ድምፁ የሳል ይመስል ነበር፤ ማስቱራ ተከተለች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ሄደባት፤ ቀጭኗ ሴትዮ እየተነጫነጨች መሀረብ ሰጠቻት። ዙለይሆ ሻይ ልትቀዳ ወጣች።

ላሪሳ ትንሽ ጠብቃ ቦርሳዋን ከፈተችና የድምፅ መቅጃዋን አወጣች። የመጣችበትን ሥራ መርሳት አልፈለገችም፤ ከታሽከንት ድረስ ነው።

«ማስቱራ ኦፓ፣ እንግዲህ ከልጅነቱ እንጀምር?»

«እኔ ደከመኝ» አለች ማስቱራ ዓይኗን እየጠረገች። «ሁሉንም ተናግሬ ጨርሻለሁ። ሰምተዋል፤ እነሱን ጠይቂ።»

ላሪሳ ወደ ሶራ ኻላ ዞረች፤ መቅጃውን አስጠጋችላት፤ ቀይዋ መብራት በራች። «እሺ፣ እርስዎ ይንገሩኛ። ስለ ወንድማቸው እሳቸው ምን አሉ?»

ሶራ ኻላ የያዘችውን ዳቦ አላምጣ ዋጠች። መቅጃውን በሁለት ጣቷ ወደ ላሪሳ መልሳ ገፋችው።

«ልጄ» አለች፣ «የቤታችንን ነገር ለውጭ ሰው አናወራም።»